ነፋስ የሌለበት የነፋስ ስልክ



በዚህ ዓምድ እንግዳ ዜናና እንግዳ ፈጠራ እናቀርባለን። አንዳንዱን አንብባችሁ ትስቃላችሁ። አንዳንዱን «ኧረ ውሸት ነው!» ትላላችሁ። የዛሬው ግን ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። በየቀኑ የምንጠራው የሰፈራችን ስም ነው።

ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ነፋስ ስልክ የሚባል የቀለም ፋብሪካ አለ። ነፋስ ስልክ የሚባል ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም አለ። በአንዱ ሰሌዳ ላይ «ነፋስ»፣ በሌላው ላይ «ንፋስ» ተብሎ ተጽፎ ብታዩ ግራ አይግባችሁ፤ ቃሉ አንድ ነው። ግን ነፋስንና ስልክን ምን አገናኛቸው?

ስልክ የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛ ነው። በዐረብኛ «ስልክ» ማለት ሽቦ ነው። እውነትም ነው፤ የመጀመሪያው ስልክ ያለ ሽቦ አይናገርም ነበር። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ራስ መኮንን ከጣሊያን አገር ሲመለሱ ይዘውት እንደመጡ ይነገራል። ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት ደንግጠው «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ ይባላል። ምኒልክ ግን አልተዉትም። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ምሰሶ እየተተከለ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ሽቦው ከተበጠሰ ወሬውም ያው ተበጠሰ ማለት ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ይመጣል። ሽቦ የሌለው ሽቦ ተፈጠረ!

ማርኮኒ የሚባል የ27 ዓመት ጣሊያናዊ ነበር። በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ላይ ተቀምጦ ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት አዳመጠ። በመካከሉ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ አለ። ምን ሰማ? ንግግር አልሰማም። የሰማው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «ኤስ» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። በምልክት ስትላክ ሦስት አጫጭር ድምፅ ትሰጣለች፦ ጢ፣ ጢ፣ ጢ። ማርኮኒ ይህችን አንዲት ፊደል ለመስማት ነው ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው። «ሀ»ን ከ«ለ» ለመለየት ስንት ማታ እንደደከማችሁ የምታስታውሱ ሰዎች፣ የሰውየው ደስታ የሚገባችሁ ይመስለኛል።

ምልክቱን ለመቀበል ረጅም ሽቦ ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ መሰቀል ነበረበት። ማርኮኒ ደግሞ በዚያ ሥፍራ ረጅም ምሰሶ አልነበረውም። ስለዚህ ልጆች በገመድ ይዘው እንደሚያበሩት ያለ ሰፊ የሸራ ክንፍ አዘጋጀና ሽቦውን አሰረበት። ነፋሱ አንዱን ነጥቆ ወሰደበት። ሌላ ሰቀለ፣ ያኛው ቆመለት። ስለዚህ በነፋስ ስልክ ታሪክ ውስጥ ነፋስ አንድ ቀን በእርግጥ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ይህ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲመጣ ሕዝቡ ስም አወጣለት። ሽቦ የለው፣ ምሰሶ ከምሰሶ አይያያዝ፤ ወሬው በምን ይሄዳል? በነፋስ ነው እንጂ! ነፋስ ስልክ አሉት። ጣቢያው በከተማው ደቡብ፣ በእኛ በኩል ስለነበረ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ወር፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሆነው ለአሜሪካ ሕዝብ የተናገሩት ያለ ሽቦ ነው።

ስሙ ያምራል። ነገር ግን ወሬውን የሚያደርሰው ነፋስ አይደለም። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ብትጥሉ ውኃው እየተጠቀለለ እስከ ዳር ይሄዳል አይደል? ይህ ሞገድ ይባላል። ያለ ሽቦ የሚላከውም ወሬ በሞገድ ይሄዳል፤ የዚህ ሞገድ ግን አይታይም፣ አይዳሰስም። ከአየር ላይ ድምፅ እጅግ ይፈጥናል። አንድ ሰው ከዚህ ቢጮህና ጩኸቱ ሐረር ይደርሳል ብንል፣ 477 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 23 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። ሞገዱ ግን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዓይን እስኪጨፈን ሐረር ደርሶ ይመለሳል። ነፋስ በሌለበት በጨረቃ ላይ የነበሩት ሰዎች ከመሬት ጋር የተነጋገሩትም በዚሁ ነው።

ዛሬ ነፋስ ስልክ ትልቅ ጣቢያ አይፈልግም። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አገራችን ገባ። አሁን ጎፋ ጉሊት የተቀመጠችውም፣ መካኒሳ ድንጋይ የሚጠርበውም በኪሱ ይዞታል። ካርድ ያለቀበት ሰው ደግሞ የራሱን ዘዴ ፈጥሯል፤ ሚስኮል ነው። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጠራ «ውጣ፣ በር ላይ ነኝ»። ይህ ከማርኮኒ ጢ፣ ጢ፣ ጢ በምን ይለያል? እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

ሚስኮል ግን «ስንት?»፣ «መቼ?»፣ «ለማን?» የሚለውን አይመልስም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ውሏል፤ ባንኮችም በስልክ ገንዘብ ያስተላልፋሉ። ገንዘብ ሲገባ ወሬው የሚመጣው በጽሑፍ ነው።

በማታ ክፍላችን እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። ቁጥር ድሮም ያውቃሉ፤ ፊደል ነው የጎደላቸው። በቅርቡ አንድ ጎረምሳ 20 እንጀራ አስቆጠረና ስልኩን ዘረጋላቸው። «ይኸው እማማ፣ ልኬያለሁ፣ ይዩት!» አለ። ብሩ ልክ ነው። ድሮ ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሸኙት ነበር። አሁን ግን «እስቲ አምጣው ልየው» አሉት። መልእክቱ በአማርኛ ነበር። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። ልጁ «ቸኩያለሁ» ቢልም አልሰሙትም። «የኔ ስም በ"ወ" ነው የሚጀምረው። ይኼ በ"ሰ" ነው። ቀኑም ያለፈው ሳምንት ነው» አሉት። ልጁ እንጀራውን ትቶ ሄደ።

እኒህ እናት ያን ዕለት ያነበቡት በሰው ስልክ ላይ ነው። እናንተ ግን የከፈለን ሰው ስልክ አትመኑ። መልእክቱ በራሳችሁ ስልክ መግባቱን እዩ፤ ከዚያ ብሩን፣ ቀኑንና የላኪውን ስም አንብቡ። የስልካችሁ ቋንቋ አማርኛ ካልሆነ ወደ ክፍል ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፣ አብረን እንቀይረዋለን። የምሥጢር ቁጥራችሁን ግን ለእኛም ቢሆን አታሳዩ።

በሚቀጥለው ሳምንት መርካቶ እንወርዳለን። ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ የመኪና ጎማ እንዴት በረባሶ እንደሚሆን እናያለን።