የማይሥቀው አስተማሪ

ከሮቤ ጎባ የሚወስደው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዳሩ ግን ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ድረስ ረዳቱ «ጎባ! ጎባ!» እያለ ሲጣራ የሚያልፈው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማልና፣ ተሳፋሪ ሁሉ ከጎረቤቱ ጋራ ጨዋታ መጀመሩ አይቀርም። በቀደም ከጎኔ የተቀመጠው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ሲጽፍ፣ ሲያነብ፣ ደግሞ ሲጽፍ አየሁት። ሽማግሌ ነገር አያልፍምና «ልጄ፣ ከማን ጋራ ነው የምትጻጻፈው?» አልሁት።

«ከሰው ጋራ አይደለም፣ ጋሼ። ሒሳብ እየጠየቅሁት ነው» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ስለ ሦስት ማዕዘን ያልገባውን ነገር በኦሮምኛ ጽፎለት፣ ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዥም መልስ ደርድሮለታል። «አስተማሪህን ለምን አትጠይቅም?» ብለው ጥቂት ዝም አለና፣ «ይኸኛው አይሥቅም» አለኝ።

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። ልጁ የገጠር ልጅ ነው፤ ሮቤ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ አገሩ ይሄዳል። እስከ 8ኛ ክፍል የተማረው በኦሮምኛ ነበር። 9ኛ ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነበት። በመጀመሪያው ወር እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ አንድ ቃል ተሳሳተ፤ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ አስተማሪውም ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላወጣም። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠየቅሁትም፤ እኔም በተማሪነቴ እንዲህ ባለው ሣቅ ውስጥ ድምፄ ነበረበትና።

አንባቢ ሆይ፣ በክፍላችን ማሽን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» የተተከለበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጥና መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። የክፍሉ አስተማሪ ማብሪያና ማጥፊያውን ይጠብቃል። እጁን ያወጣውን ልጅ ግን ቴሌቪዥኑ አያየውም፤ አይቆምለትምም።

አዲሱ ማሽን በዚህ በኩል ይሻላል፤ እውነቱን መካድ አይገባም። ቻትጂፒቲ የተባለው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፣ ስልክና መስመር ያለው ልጅ አንዱን ነገር ዐሥር ጊዜ ቢጠይቅ የሚቆጣው የለም። ነገር ግን ይህ ማሽን እንደ ሰው ዐውቆ የሚናገር አይደለም። ከተሰጠው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። የተማረበትም ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ስሕተቱ ይበዛል፤ ሲሳሳትም ድምፁ አይንቀጠቀጥም። የባሰው ግን ይህ አይደለም። የባሰው፣ ልጁ ሦስት ማዕዘኑን ተምሮ «አልገባኝም» ብሎ በሰው ፊት መናገርን ሳይማር መቅረቱ ነው።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በየዩኒቨርሲቲው እየተወሰዱ እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ስለ ኩረጃው ብዙ ተባለ። ነገር ግን ልጅ ከጎረቤቱ ወረቀት መልስ የሚሰርቀው፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ወር መጠየቅ አፍሮ ስለ ኖረም ጭምር ነው። እናንተስ በየቢሮው ያላችሁ ወጣቶች፣ አለቃው በስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ሲል ጭጭ ብላችሁ፣ ከበር ስትወጡ «ምን ማለቱ ነው?» እየተባባላችሁ የምትጠያየቁት ይህን ልማድ ከየት አመጣችሁት?

በአሜሪካ ጀምስ ኮመር የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1960 ዓ.ም. ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ወደ ሁለት የድሆች ልጆች ትምህርት ቤቶች ገብተው ሥራ ጀመሩ። ሐኪሙ ከመጽሐፉ ይልቅ በአስተማሪ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን መተማመን አስቀድመው አበጁ፤ ከዓመታት በኋላ የትምህርቱም ውጤት ተሻሻለ። ዛሬ የስሜትና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት እየተባለ በየአገሩ የሚሰበከው ሐሳብ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ለእኛ ምን ይሆነናል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ስልኩን ከልጁ እጅ ንጠቁ አልልም። አስተማሪው በአንድ ስልክ ብቻ ማሽኑን ስለ ሳነቴ አምባ በኦሮምኛ ይጠይቀው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር መሆኑን ይናገር እንደ ሆነ፣ ስለ ቀይ ቀበሮው ምን እንደሚል፣ መልሱን በሰሌዳ ላይ ይገልብጥና «ስሕተቱን ፈልጉ» ይበላቸው። የዲንሾ ልጅ ቀበሮውን በዓይኑ ያየው ነውና ማሽኑን ያርመዋል። ክፍሉም በማሽኑ ይሣቅ፤ አይከፋው! አስተማሪውም በዚያው አፉ እርሱ ራሱ በተማሪነቱ የተሳሳተውን አንድ ነገር ቢነግራቸው፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እጁ ትንሽ ይቀለዋል።

ጎባ ልንደርስ ስንል ያን ያሣቀባቸውን ቃል ጠየቅሁት። አፍሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። በኋላ «ሃይፖቴኑስ» አለ፤ የሦስት ማዕዘኑ ረዥሙ ጎን ነው። «ታዲያ ልክ አይደለም እንዴ?» አልሁት፤ እኔም እንደዚያው ስጠራው ኖሬአለሁና። ስልኩን አስጮኸውና አደመጥነው። ሁለታችንም ተሳስተን ኖሯል።