ለሚገባው ውሃ መውጫም ይታሰብለት

በቆላው አገራችን ፍሬ የሚተክል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ውሃ ስለ ማግኘት ነው። ወንዝ ተጠልፎ፣ ቦይ ተቆፍሮ፣ ሞተር ተተክሎ ውሃው ከችግኙ ሥር ሲደርስ ድካሙ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ግን ዛሬ ለመናገር የፈለግነው ውሃው ከደረሰ በኋላ ስለሚከተለው ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ጨው።

ጨው ሲባል አንባቢዎቻችን ከአፋር ምድር በግመል ተጭኖ ይመጣ የነበረውንና እንደ ገንዘብ ያገለገለውን አሞሌ ያስቡ ይሆናል። ያን አባቶቻችን በብዙ ድካም ገዝተውታል፤ የመስኖ ውሃ ግን ማንም ሳይጠራው በነፃ ያመጣዋል። ሒሳቡን እንመልከት። በመለኪያ መሣሪያ 1 ዴሲሲመንስ በሜትር የሚያሳይ ውሃ ለምላስ እምብዛም ጨው ጨው አይልም፤ ሆኖም በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ 640 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። አንድ ሔክታር የፍሬ ተክል በዓመት ከዚህ ውሃ 10 ሺህ ሜትር ኩብ ቢጠጣ፣ በየዓመቱ 64 ኩንታል ጨው በማሳው ላይ ይራገፋል ማለት ነው። ከውሃው ዛፉ ይጠጣል፤ ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ጨውን ግን የሚፈልገው የለምና እዚያው ይቀራል።

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በኩል የታየው ይኸው ነው። ለጥጡና ለሙዙ ውሃ በብዛት ገባ፤ መውጫው ግን እንደ መግቢያው አልታሰበበትም። የከርሰ ምድር ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ወደ ሥሩ ተጠጋ፤ ጨውንም ይዞ ወጣ። መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ፤ ስንት የተደከመበት ማሳም ተትቶ ፕሮሶፒስ ለተባለው እሾሃማ ዛፍ ቀረ። ከዚያ በላይ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው፣ እየሰፋ ሔዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል። ጨዋማ ውሃው ወደ አዋሽ በተቀላቀለ መጠን ጭንቁ ከታች ላለው ገበሬ ነው።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው የዛፉ ሕመም ጥማት መምሰሉ ነው። ጨው በበዛበት አፈር ውስጥ ሥሩ ውሃ መሳብ ስለሚያቅተው ዛፉ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። የሙዙ ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ እሳት እንደ ለበለበው ይደርቃል። ገበሬውም ይህን አይቶ ውሃ ይጨምራል። መጨመሩ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ጨው የሚታጠበው በትርፍ ውሃ ነውና። ነገር ግን ታጥቦ የሚሔድበት ማፋሰሻ ከሌለ ያው ትርፍ ውሃ የከርሰ ምድሩን ከፍ አድርጎ ጨውን መልሶ ያመጣዋል። አንዱ ሥራ በአንድ ማሳ መድኃኒት፣ በሌላው መርዝ ይሆናል።

ስለዚህ የመስኖ ሥራ ሲታቀድ የማፋሰሻው ቦይ ወጪ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ይግባ ባይ ነን። ወጪው ይከብዳል፣ ለጊዜው ይቆይ የሚሉ አይጠፉም። መክበዱን አንክድም፤ ነገር ግን የነጣን መሬት መልሶ ማቅናት የባሰ ይከብዳል። ደግሞም ይህ ለአንድ ገበሬ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የላይኛው ማሳ ያፈሰሰውን የታችኛው ይጠጣዋልና። የሚፈሰው ጨዋማ ውሃ የት ይግባ የሚለውም ወንዙን ከሚጠጡት አርብቶ አደሮች ጋር ተመካክሮ የሚቆረጥ እንጂ በመሐንዲስ ብቻ የሚያልቅ አይመስለንም።

ማፋሰሻው እስኪቆፈር ድረስ ግን ዛፉ አይጠብቅም። ችግኝ የሚያድል ሁሉ ከማደሉ በፊት የቦታውን ውሃና አፈር ያስለካ። ተምር በሥሩ አካባቢ ያለው የአፈር ጨው 4 ዴሲሲመንስ እስኪደርስ ምርቱ አይጓደልም፤ ብርቱካን ግን ገና 1.7 ላይ ሲደርስ መቀነስ ይጀምራል፤ ማንጎና አቮካዶም ጨው አይወዱም። ብርቱካን መትከል ግድ ከሆነም ከታች ሥር የሚሆነው ችግኝ ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ክሊዮፓትራ በተባለው መንደሪን ላይ የተዳቀለው በትሪፎሊየት ላይ ከተዳቀለው ይልቅ ጨው ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ያግዳል። ሻጩ አላውቅም ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

ከዛፉ ሥር ጉዝጓዝ ማልበስ ፀሐይ የምትወስደውን ውሃ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃን በቀትር በቅጠል ላይ መርጨት ቅጠሉን ያቃጥለዋልና ይቅር። የጠብታ መስኖ ያለውም አንድ ነገር ይወቅ፤ ጨው የሚሰበሰበው በእርጥቡ ክብ ዳር ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ዝናብ ሲጥል ያን የተሰበሰበ ጨው ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። እንግዲህ ሰማዩ ስለ ጠቆረ ብቻ ውሃውን አይዝጋ፤ ዝናቡ መሬቱን ደኅና አድርጎ እስኪያርሰው ድረስ ጠብታው ይቀጥል።