ከፖስትካርዱ ማዶ፦ ፎቶግራፍ፣ ንድፍና የሐዋሳ የዕለት ተዕለት መልክ

የፈጠራ ሥራ ከየት ይመነጫል ተብሎ ሲጠየቅ በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው መልስ፣ መነሳሳት ሳይታሰብ የሚወርድ ጸጋ ስለሆነ ባለሙያው እስኪመጣለት ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለውም የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ባለሙያውን ሥራ ፈት አድርጎ ከማስቀመጡም በላይ ፈጠራን ሩቅ ካለና ብርቅ ከሆነ ነገር ጋር ብቻ ያቆራኘዋል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ግን የፈጠራ መነሻ በየቀኑ ከሚታየው ነገር ውስጥ ይገኛል፣ የሚገኘውም የነገሩን መልክ በመቅዳት ሳይሆን ነገሩ የቆመበትን ሥርዓት ለይቶ በማውጣት ነው የሚል ነው። ለዚህም ፎቶግራፍ ማያ መሣሪያ፣ ንድፍ ደግሞ የታየው በትክክል መታየቱን መፈተኛ ሆነው ያገለግላሉ። ንድፍ ሲባል ቅርጽን፣ ቀለምን፣ ፊደልንና ባዶ ቦታን ለአንድ አገልግሎት አስማምቶ የማደራጀት ሙያ ማለት ሲሆን፣ የሱቅ ታፔላም ሆነ የቡና ማሸጊያ፣ የልብስ ጥለትም ሆነ የወንበር አሠራር በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል።

ሐዋሳ ለዚህ ክርክር መፈተኛ የምትሆነው መልኳ አስቀድሞ የተደመደመላት ከተማ ስለሆነች ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ ስትነሣ፣ ያላያት ሰው እንኳ ሐይቅ ላይ የምትጠልቅ ፀሐይን፣ ጠቁራ የምትታይ ጀልባንና በዳርቻው የቆመ አባ ኮዳ የሚባል ወፍን ያስባል። የምስሎቹ ውበት አያከራክርም፤ ችግሩ ውበታቸው ተመልካቹን ከማየት የሚያሳርፈው መሆኑ ነው። አስቀድሞ የሚያውቀውን ምስል ፍለጋ ካሜራ የሚያነሣ ሰው ያንኑ የሚያውቀውን ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ተነሥቶ የሚሠራው ዓርማም ሆነ ፖስተር ከፀሐይ፣ ከጀልባና ከወፍ አይዘልም።

ምስሉ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደሚወጣ መመርመር በራሱ ትምህርት አለው። ሐይቁ የተኛው ከከተማው በስተምዕራብ ነውና፣ ሰዉ ሥራ ውሎ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ሲናፈስ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይቆማል። ካሜራ የሰማዩን ድምቀትና የጀልባውን ጥላ በአንድ ጊዜ እኩል መቀበል ስለማይሆንለት፣ ብርሃኑ ለሰማዩ ሲመጠን ጀልባውና ቀዛፊው ዝርዝራቸው ጠፍቶ ድፍን ጥቁር ቅርጽ ሆነው ይቀራሉ፤ በሙያው ቋንቋ ሲሉዌት የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ዓይነት ምስል ውስጥ የጀልባው ጣውላ እንዴት እንደተጋጠመ፣ መረቡ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ የአጥማጁ እጅ ምን እንደሚሠራ አይታይም። ጠዋት ግን ፀሐይ ከከተማው በስተጀርባ ስለምትወጣ ብርሃኑ በቀጥታ ጀልባው ላይ ያርፋል፣ የውሃው ቀለምም ከጣውላው ቀለም ተለይቶ ይወጣል፤ ያው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ብቻ በመለወጥ ሌላ ከተማ ያገኛል ማለት ነው። የቀትሩም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ የቀትር ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ትሆንና የቆመ ነገር ሁሉ ጥላው ከሥሩ ይሰበሰባል። ፎቶ አንሺዎች ይህን ሰዓት የሚሸሹት ፊትን ስለሚያበላሽ ነው፤ ለንድፍ ባለሙያ ግን የነገሮችን ዙሪያ ገብ ቅርጽ፣ የጃንጥላን ክብነትና የዋርካን ጥላ ስፋት በመሬት ላይ ተስሎ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

ከሐይቁ ዳር ሳይርቁ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት የሚታየው ነገር ደግሞ ከሩቅ ትዕይንት ይልቅ ከቅርብ ለሚያይ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል። ጉጉት ያለው ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን የሚያዞረው የዓሣ ቅሪት ወደሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ነው፤ ቢላዋ ሥር ያለችውን ቆሮሶ የተባለች ዓሣ ቀርቦ የሚያያት ጥቂት ነው። ቅርፊቷ በምስል ውስጥ ጎልቶ ሲወጣ እያንዳንዱ ረድፍ ከፊተኛው ረድፍ በግማሽ እርምጃ ተንሸራቶ የተቀመጠ መሆኑ ይታያል፤ በዚህም የኋለኛው ቅርፊት የፊተኞቹ ሁለቱ የሚገናኙበትን ክፍተት ይሸፍናል፣ ሰውነቱም ሳይራቆት እንደልቡ ይታጠፋል። መረቡም የራሱ ሥርዓት አለው። ሁሉም ዓይኖቹ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ቋጠሮ ሆኖ ሳለ፣ በቁመቱ ሲሳብ ዓይኑ ይጠብባል፣ በወርዱ ሲሳብ ይሰፋል፣ እጥፋቱ ላይ ሲደራረብ ደግሞ ከነጠላው የጠቆረ መደብ ይፈጥራል፤ አንድ አሃድ ሳይለወጥ በመሳቢያው አቅጣጫ ብቻ ብዙ መልክ ይወጣዋል። የቅርፊቱም የመረቡም ጥቅም ለዓሣ ምግብ ቤት ዓርማ ዓሣ በመሳል አያልቅም፤ ከእነርሱ የሚወሰደው መደጋገም፣ መንሸራተትና መደራረብ የሚባሉ የአደራደር ሕጎች ናቸው፣ እነዚህም ከዓሣ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ሥራ ይውላሉ። ሰው ያለበትን ምስል በተመለከተ ግን አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም፤ ዓሣ በላቹና አራጁ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የሚነሡበት ልማድ ነውር ነው፣ መጠየቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወደ ጨዋታና ወደ ተሻለ ምስል ያመራል።

በሐይቁ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ የሚኖረው ጉሬዛ ሌላ ዓይነት ፈተና ያቀርባል። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ በክፈፉ ውስጥ ያለውን ብርሃን አማካይ ወስዶ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ ይሞክራል፤ ወደ ካሜራው የሚገባውን የብርሃን መጠን የመወሰኑ ሥራ ኤክስፖዠር ይባላል። ጉሬዛ ላይ ግን ጥቁሩና ነጩ ጸጉር መካከለኛ ሳያስገቡ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ፣ አማካዩ ለሁለቱም አይሆንም፤ ወይ ጥቁሩ ዝርዝሩን ያጣል፣ ወይ ነጩ ይቃጠላል። አንሺው እንግዲህ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፣ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ምን ፈልጎ እንደሚያነሣ ማወቅ አለበት። መሣሪያው ራሱ ከሚወስንለት ሰው ይልቅ በአንድ ጉሬዛ ፊት የተቸገረው ሰው ስለ ንጽጽር፣ ማለትም ደማቅና ጨለማ ጎን ለጎን ሲሆኑ ስለሚፈጥሩት ጉልበት፣ የበለጠ ይማራል።

ፎቶግራፍን ለንድፍ ትምህርት ማዋል አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት በበርሊን የጥበበ እድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከዕፅዋት ቅርጽ እንዲማሩ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ቡቃያን፣ ግንድንና የዘር ፍሬን በገዛ እጁ ባበጀው ካሜራ እያጎላ ያነሣ ነበር። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1928 በመጽሐፍ ሲወጡ አንባቢው የፈርን ቡቃያ ከብረት ጌጥ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አይቶ ተደነቀ። ብሎስፌልት ካነሣቸው ብዙዎቹ ሰው ሳያስተውላቸው የሚያልፋቸው የመንገድ ዳር አረሞች ነበሩ። እንሰት ጓሮውን በሞላበት፣ ቡና በደጁ በሚያብብበት፣ ሐዋሳም በምትገኝበት በሲዳማ ምድር ይህን የሚመስል የምስል ክምችት ለማዘጋጀት የሚጎድለው ትጋት ብቻ ነው።

በአገር ውስጥም ምሳሌዎቹ ብዙ ሩቅ አይደሉም። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ብሩሹን ትቶ ወደ ካሜራ ዞረ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት ለአገሪቱ ፎቶ አንሺዎች መገናኛ መድረክ ከመክፈቷም ባሻገር፣ በራሷ ሥራ ጥቂት ደማቅ ቀለሞችን ብቻ በመጠቀም ፎቶግራፍ ምን ያህል ወደ ንድፍ ሊጠጋ እንደሚችል አሳይታለች። ለተያዘው ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ግርማ በርታ ነው። ሙቪንግ ሻዶውስ፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ጥላዎች፣ ብሎ በሰየመው ተከታታይ ሥራው በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለሱትን ተራ ሰዎች በስልክ እያነሣ፣ በዙሪያቸው ያለውን ግርግር አስወግዶ ሰውየውንና ጥላውን ብቻ በአንድ ደማቅ መደብ ላይ አስቀመጠ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም የድጋፍ ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ሆነ። የዚህ ሥራ ጥንካሬ ያለው በቅነሳው ነው። መንገድ ላይ በየቀኑ ሲታለፍ የኖረ ተሸካሚ ዙሪያው ሲጸዳለት የትከሻው ዝንባሌና የእግሩ አረጋገጥ ብቻውን ይናገራል፤ ፎቶግራፉ ወደ ንድፍ የተሻገረውም በዚያች ቅጽበት ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ ካሜራ አላስፈለገም።

በሲዳማ ደጋ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚጠለፈው ባህላዊ ቤት በመልክና በሥርዓት መካከል ያለውን ልዩነት ከሁሉም ይልቅ ያሳያል። በየሆቴሉ በራፍና በየማስታወቂያው ላይ የሚታየው የቤቱ ውጫዊ መልክ ነው፤ ተስሎ፣ ተቀርጾ፣ ወደ ማስታወሻ ዕቃነት ተቀይሮ ይገኛል። ሌንሱን ወደ ግድግዳው ለሚያስጠጋ ሰው ግን ሌላ ዕውቀት ይገለጥለታል። ስንጣሪው አንዱን ከላይ ቀጣዩን ከታች እያለ ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ረድፍ ይህንኑ ገልብጦ ይደግማል፣ ጥንካሬው የሚመጣውም ከማንኛቸውም ዘንግ ሳይሆን ሁሉም እርስ በርሳቸው ከሚገፋፉበት ውጥረት ነው። ቀርከሃው እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ከምድጃው ጢስ የተነሣ ወደ ጥቁር ቡናማ ስለሚሄድ፣ አንድ ግድግዳ ብቻውን ተስማሚ የቀለም ቤተሰብ ይሰጣል። ይህን ሥርዓት የያዘ ባለሙያ ጎጆ የሚባል ነገር ሳይስል ሲዳማን የሚያስታውስ መብራት፣ የመስኮት መከላከያ ወይም የቡና ማሸጊያ መሥራት ይችላል። መልኩን ብቻ የወሰደው ደግሞ በየጊዜው ያንኑ ጎጆ ከመሳል አይላቀቅም። ለፊቼ ጨምበላላም የሚባለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል በሐዋሳ ጉዱማሌ ሲከበር ካሜራ ሁሉ ወደዚያ ይተማል፣ በዓሉም ሊነሣ ይገባዋል፤ ነገር ግን ዓይኑን በበዓል ብቻ የሚከፍት ሰው ለተቀረው ዓመት ባዶ እጁን ይቆያል።

በከተማው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያልተነካው የጥናት መስክ ታፔላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሐዋሳ ጎዳና ላይ የሲዳማ ቋንቋ የሆነው ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛም ጭምር በአንድ ሰሌዳ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለት የፊደል ሥርዓቶችን እኩል ክብር ሰጥቶ ማስቀመጥ ደግሞ ከባድ የንድፍ ጥያቄ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም፣ አብዛኛው ሆሄም ሰፋ ያለና ቁመቱ ተቀራራቢ ነው፤ የላቲኑ ግን አንዳንዱ ወደ ላይ ይዘልቃል፣ አንዳንዱ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ሁለቱ በኮምፒዩተር ላይ በአንድ ዓይነት የመጠን ቁጥር ሲጻፉ እኩል ሆነው ስለማይታዩ አንዱ ሌላውን ይጫነዋል፤ ይህንንም ለማስተካከል ቁጥሩን ትቶ ዓይንን ማመን ያስፈልጋል። በየመንገዱ ያሉትን ታፔላዎች ፊት ለፊት ቆሞ፣ በአንድ ርቀትና በተመሳሳይ ብርሃን አንሥቶ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው፣ በእጅ ብሩሽ የተጻፉት የቆዩ ታፔላዎች ይህን ሚዛን ብዙ ጊዜ በተሻለ ሁኔታ እንደፈቱት ያስተውላል፤ ጸሐፊው ቦታውን በዓይኑ እየለካ ፊደሉን ያጠብና ያሰፋ ነበርና። በባጃጆች የኋላ መስተዋት ላይ በስቲከር የሚለጠፉት ጥቅሶችም በጠባብ ቦታ ረጅም ሐሳብ ለማስገባት የሚደረግ የፊደል ትግል ናቸው፣ ማንም ግን እንደ ንድፍ ሥራ አይቆጥራቸውም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ ቀኑን ሙሉ ፎቶ በሚያነሣበት ዘመን ፎቶግራፍ ትኩረትን ያሳድጋል ማለት እንዴት ይቻላል፣ ማንሣቱ ራሱ የማየት ምትክ እየሆነ አይደለም ወይ የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። የሚነሣው ምስል ሁሉ ለማስታወሻነት ወይም ለመታየት ብቻ ከተነሣ፣ ስልኩ ሞልቶ ዓይኑ ባዶ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ምስሉ ከተነሣ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው። የመረቡ ፎቶ ተመልሶ ሲታይ፣ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር፣ ላዩ ላይ ወረቀት ተደርጎ መስመሩ በእርሳስ ሲወጣ፣ የማያስፈልገው ሲቀነስና የቀረው ሲደጋገም፣ ፎቶው የሥራ መጀመሪያ ይሆናል። ንድፍ መፈተኛ ነው የተባለውም ለዚህ ነው፤ በትክክል ያልታየ ነገር ሊደገም ሲሞከር አልገጣጠም ይላል፣ ባለሙያውም ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ያየዋል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ሳይሆን የእንጀራም መሆኑን ለማየት ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መመልከት ይበቃል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ በጨርቃ ጨርቅና በአልባሳት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ የኤክስፖርት ስፌት ልማድ ንድፉ በገዢው ኩባንያ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እዚህ የሚከናወነው መቁረጥና መስፋት ነው። ከንድፉ የሚገኘው ትርፍ እዚያው ንድፉ ባለበት ይቀራል፤ ገዢው ሲሄድም ሥራው አብሮት ይሄዳል። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከፓርኩ መውጣቱን ሲያስታውቅ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስትታገድ ይህ ጥገኝነት በግልጽ ታይቷል። ንድፍ ብቻውን ገበያ አያመጣም፣ ፖለቲካንም አይመክትም፤ ነገር ግን የራሷ ጥለት ያላት ከተማ ከስፌት ዋጋ ሌላ የምትሸጠው ነገር አላት። በጨርቅ ኅትመት ሙያ አንድ ጥለት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከሚደረግባቸው መንገዶች አንዱ ቀጣዩን የቁም ረድፍ በግማሽ እርምጃ ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው፤ ይህ አደራደር መገጣጠሚያውን ከዓይን ስለሚሰውር በዓለም ዙሪያ ባሉ የጥለት ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት ይሠራበታል። በአሞራ ገደል ያለችው ቆሮሶ ቅርፊቷን የደረደረችውም በዚሁ ሕግ ሲሆን፣ ከገበያው እስከ ፓርኩ ያለው መንገድ በባጃጅ የሚደረስ ነው።