የአሸዋው ቆጠራ

በዚህ ዓምድ ስለ ጥሬ ሀብት በጻፍን ቁጥር ከአንዳንድ ጓዶች አንድ ተቃውሞ ይደርሰናል፦ «ፍለጋ ምን ጥፋት አለው? መጀመሪያ ያለው ይታወቅ፤ ስለ ክፍፍሉ ኋላ እንታገላለን።» ይህን አስተሳሰብ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በፖንዶላንድ፣ ኮሎቤኒ በተባለው ቦታ ልንፈትነው እንወዳለን። (ዘመኑ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጥንት ባሕር ነው። ማዕበል ቀላሉን አሸዋ እየጠረገ ሲወስድ ኢልሜናይት፣ ሩታይልና ዚርኮን የተባሉት ከባድ ማዕድኖች በዳርቻው ይቀራሉ። ባሕሩ ሲሸሽ፣ ነፋስም ሲከምር፣ ያ ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታ ይሆናል። በዚያ አገር ከብት ይሰማራል፣ ስኳር ድንች ይተከላል፣ ሙታን ይቀበራሉ። ከኢልሜናይቱ የሚወጣው ቲታኒየም አብዛኛው ነጭ ቀለም ይሆናል፤ ይህን የምንጽፍበት ክፍል ግድግዳ ሳይቀር።

ፈላጊው ድርጅት ቀለል ያለ መሰርሰሪያ በመኪና ጭኖ ይመጣል። ጥንታዊውን ዳርቻ በመስመር እያቋረጠ ይበሳል፤ አሸዋውን በታመቀ አየር በቱቦ ወደ ላይ እያወጣ፣ ጥልቀቱን እየለካ በየከረጢቱ ያስቀምጣል። በላቦራቶሪ ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይሰምጣል። የቀረው ሂሳብ ነው። የጉድጓዱ አፍ ከቡና ስኒ ብዙ አይሰፋም፤ ወዲያው ይደፈናል። ታዲያ ምን ተጎዳ?

የተጎዳውማ ከዚያ ወዲያ መሬቱ በሌላ መዝገብ መግባቱ ነው። የአውስትራሊያው ሚነራል ኮሞዲቲስ 5 በመቶ ያህል ከባድ ማዕድን ያለው 346 ሚሊዮን ቶን አሸዋ አለኝ ብሎ ለአክሲዮን ባለቤቶች አስታወቀ። «አለኝ» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል። ገና የማዕድን ፈቃድ የሌለው ከበርቴ በዚያ አኃዝ ገንዘብ ይሰበስባል፣ የሚኒስትር በር ያንኳኳል። ከዚያ በኋላ «አይሆንም» የሚል ገበሬ የልማት እንቅፋት ይባላል።

ሚኒስቴሩ በ2008 ፈቃድ ሰጠ። ሕዝቡ በአማዲባ ቀውስ ኮሚቴ ተደራጅቶ ስለታገለ በ2011 ፈቃዱ ተሰረዘ። በ2015 አዲስ ማመልከቻ ቀረበ። ማርች 22 ቀን 2016 የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሲኮሲፊ ራደቤ ፖሊስ ነን ብለው በመጡ ሰዎች በጥይት ተገደለ። ትግሉ ግን አልቆመም፤ በኖቬምበር 2018 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለይዞታዎች ሙሉ ፈቃዳቸውን ሳይሰጡ ሚኒስትሩ የማዕድን መብት ሊሰጥ አይችልም ሲል ፈረደ። ከነዋሪው መካከል ሥራ እናገኛለን ብለው ማዕድኑን የደገፉ እንደነበሩም አንደብቅም፤ ሥራ አጥነቱ እውነት ነውና።

ፍርዱ ታላቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ የሚናገረው ስለ ማዕድን መብት ነው፤ ቆጠራው ግን አስቀድሞ አልቋል። የእኛ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ በዓይናቸው ፊት የነበረው የሚታረሰው አፈር ነበር። ከሥሩ ስላለው ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ እንጂ፣ መሰርሰሪያው ከመተከሉ በፊት አራሹ ይጠየቅ የሚል ቃል በዚያ አንቀጽ አላገኘንም።

ከመካከላችን ጂኦሎጂ የሚያጠኑ አሉ። ነገ መሰርሰሪያውን የሚተክሉት፣ ከረጢቱን የሚያስሩት እነሱ ናቸው። የመንደሩ ሰው «ማን ላካችሁ?» ሲላቸው ምን እንደሚመልሱ ይጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ይህን ዓምድ ለእነሱ እንለቃለን።