ዓይነት 2 የስኳር ሕመምን ለመከላከል በሚቀረጹ ዲጂታል ፕሮግራሞች ላይ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን ከስኳር ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ያቋቋሙት ነው። መተዳደሪያ ደንባችን የታመመውን ከማገዝ ባሻገር ልጆቻችንና ወንድም እህቶቻችን እንዳይታመሙ እንድንሠራ ያዘናል። ጠቅላላ ጉባኤያችን ሕመሙን በስልክ አማካይነት ለመከላከል በሚቀረጹ ፕሮግራሞች ላይ ተወያይቶ ይህን አቋም የያዘው በዚሁ ኃላፊነት ነው።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ ያለንን ቅሬታ አባላት ያውቁታል። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ለአስተያየት እንጠራለን፤ በጀት ሲያልቅ በስልክ የሚላክልን መልእክት ይቋረጣል፤ ለምን እንደተቋረጠ የሚነግረን የለም። አንዲት እናት አባላችን በተጋበዙበት የሙከራ መተግበሪያ የገጠማቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ማታ ስንት ግራም እንደበሉ ነበር። እናታችን የሚበሉት ከልጆቻቸው ጋር ከአንድ ትሪ ነው። ከምግብ ዝርዝሩ ውስጥ ብሮኮሊ ነበር፤ ሽሮ፣ ቅንጬና በሶ አልነበሩም።

በፕሮግራም ሰነዶች ላይ ደጋግመን የምናገኘው 58 በመቶ የሚለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመውና 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች ከንጽጽር ቡድኑ ይልቅ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሰነዶቹ የሚዘሉት ግን እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው አማካሪ እንደነበራቸውና 16 ትምህርቶችን ፊት ለፊት እንደተማሩ ነው። አማካሪውን አስቀርቶ ቁጥሩን መውሰድ አግባብ አይደለም።

ቴክኖሎጂን አንቃወምም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሕንድ ጥናት የአኗኗር ምክር ከተሰጣቸው 537 ለሕመሙ የተጋለጡ ወንዶች መካከል በየጊዜው አጭር የጽሑፍ መልእክት የደረሳቸው፣ ካልደረሳቸው ይልቅ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ36 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ለዚህ ውድ ስልክ አላስፈለገም።

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል፦

1. ለሕመሙ የተጋለጡና ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ንድፉ ከሚጀመርበት ቀን አንሥቶ ድምፅ ያላቸው አባላት ሆነው ይሳተፉ።

2. ምክሩ ከገበታችን ይነሣ። ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው መጠኑን በግራም ሊናገር አይችልም፤ ስንት እንጀራ እንደተነሣና ቡናው ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደተጨመረ ግን ያውቃል። የኦርቶዶክስ አጽዋማትና ረመዳን የአመጋገብ ሰዓትንም ዓይነትንም ስለሚለውጡ በንድፉ ውስጥ ቦታ ያግኙ፤ በግርጌ ማስታወሻ የሚታለፉ አይደሉም።

3. አገልግሎቱ በማንኛውም ስልክ፣ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች፣ ማንበብ ለማይችሉም በድምፅ ይድረስ።

4. ከመልእክቱ ጀርባ የሚታወቅ ሰው ይኑር። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ጊዜና ክፍያ ሳይመደብላቸው በሥራቸው ላይ ሌላ ቅጽ መደረብን አንደግፍም።

5. የጤና መረጃችን በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ይጠበቅ፤ ያለ ፈቃዳችን ለአስተዋዋቂ፣ ለመድን ድርጅትም ሆነ ለአሠሪ አይተላለፍ።

6. ፕሮግራም ሲዘጋ ተጠቃሚው አስቀድሞ ይነገረው፤ ክትትሉን የሚረከብ ጤና ጣቢያም ይታወቅ።

በተራ ቁጥር 1 እና 4 የተመለከቱትን ለማያሟላ ፕሮግራም ማኅበራችን ስሙንና ዓርማውን አይሰጥም፤ አባላትንም ለሙከራ አይመለምልም። ውሳኔው ቀድሞ የድጋፍ ደብዳቤ በተጻፈላቸው ፕሮግራሞች ላይም ተፈጻሚ ይሆናል።