የአረጋውያን የርቀት ሕክምና ከቋንቋ ይጀምር

ቴክኖሎጂ ለአረጋውያን ጤና ይዋል ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው መሣሪያው ነው፤ የቤት ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ፣ የቪዲዮ ቀጠሮ፣ የምርመራ ውጤት የሚታይበት ድረ ገጽ። በሲያትል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ግን ዋናው ጥያቄ ቋንቋ ነው።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት የሚባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የትርጉም ሶፍትዌር ቁጥሩን ሳይለውጥ «8 ሰዓት» ብሎ ካለፈው፣ አረጋዊው መድኃኒታቸውን 6 ሰዓት አዘግይተው ሊወስዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል የጤና አገልግሎት ፀረ አድልዎ ደንብ፣ በማሽን የተተረጎሙ ወሳኝ ጽሑፎች በብቁ ተርጓሚ እንዲታረሙ ያዘዘው እንዲህ ያለ አደጋ ስላለ ነው። ደንቡ በተግባር መዋሉን መከታተል ግን የሁሉም ኃላፊነት ነው።

የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባጸደቀው ሕግ (ረቂቅ ቁጥር 1196) በድምፅ ብቻ ለሚሰጥ የርቀት ሕክምና መድን ሰጪዎች በአካል ከሚሰጠው ጋር እኩል እንዲከፍሉ ደንግጓል። ይህ መልካም ውሳኔ ነው፤ ድረ ገጽ ለሚቸግራቸው አረጋውያን ስልክ የለመዱት መሣሪያ ነውና። ሆኖም ለሐኪሙ መክፈል ለአስተርጓሚው መክፈል አይደለም። የግዛቱ ሜዲኬይድ የሆነው አፕል ሄልዝ የአስተርጓሚ ወጪ ሲሸፍን፣ መደበኛው ሜዲኬር ለአስተርጓሚ የተለየ ክፍያ የለውም። ግዴታው ያለ ገንዘብ በክሊኒኩ ላይ ሲወድቅ፣ የአስተርጓሚነቱ ሸክም በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ትከሻ ላይ እንዳያርፍ ያሰጋል።

በወር እስከ 30 ዶላር የኢንተርኔት ክፍያ ይደጉም የነበረው የፌዴራል መርሐ ግብርም እ.ኤ.አ. በ2024 ተቋርጧል። ስለዚህ በቪዲዮ ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት አቅም የሌላቸውን ያገልላል።

ሲያትል ለዚህ የሚሆን ልምድ አላት። በሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው መርሐ ግብር፣ አማርኛ ተናጋሪዎችን ጨምሮ ከስደተኛ ማኅበረሰቦች የተውጣጡ አገናኝ ባለሙያዎችን በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል አቁሟል። ቴክኖሎጂ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይሁን።

ኦሎምፒያ ላይ የሚሰበሰቡ የሕግ አውጪዎች ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይገባል፦ የአስተርጓሚ ክፍያን የርቀት ሕክምና ክፍያ አካል ማድረግ፤ የመድኃኒት መመሪያዎች በሰው ታርመው ለታካሚ መድረሳቸውን ማረጋገጥ፤ አረጋውያንን መሣሪያ አጠቃቀም ለሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ቋሚ በጀት መመደብ። በማይገባ ቋንቋ የቀረበ ሕክምና እንደቀረበ አይቆጠርም።