የአይጥ ምስክርነት ለሰው ጉበት አይበቃም

«ጉበት ያጥባል፣ ኩላሊት ያጸዳል፣ ልብ ያጠነክራል።» ይህ ማስታወቂያ ዛሬ በቲክቶክም፣ በቴሌግራምም፣ በየሱቁም ይሰማል። አንዱ የሽፈራው ዱቄት ይሸጣል፣ ሌላው የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሦስተኛው ስሙ የማይታወቅ የሥራ ሥር ቅልቅል። ድሮ ሻጩ «አያቶቻችን የተጠቀሙበት ነው» ብሎ ያበቃ ነበር። አሁን «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ጨምሮበታል።

ጥያቄው አንድ ነው፤ በማን ላይ የተረጋገጠ? መልሱም አጭር ነው፤ ባብዛኛው በአይጥ ላይ።

ጥናቶቹ ውሸት ናቸው ማለት አይደለም። የአገር ውስጦቹን ጨምሮ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ናቸው። አሠራራቸውም ይመሳሰላል። አይጦች በቡድን ይከፈሉና ሆን ተብሎ ይጎዳሉ። ለጉበት ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ መርዝ ወይም ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል፣ ለኩላሊት ጄንታማይሲን፣ ለልብ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ይሰጣቸዋል። አንዱ ቡድን ብዙ ጊዜ ከመርዙ በፊት የተክሉን ጭማቂ ይወስዳል። በመጨረሻ ደማቸው ይመረመራል። ጭማቂውን የወሰዱት ጉዳታቸው ቀለል ካለ «ይከላከላል» ተብሎ ይጻፋል።

ይህ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ግን ጅማሬ ብቻ ነው። አንደኛ፣ አይጧ መርዙ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ሰው ግን ኩላሊቱ የሚጎዳበትን ቀን አያውቅም። ሁለተኛ፣ የሰው ጉበት ባብዛኛው በአንድ ቀን መርዝ ሳይሆን በቫይረስና በአልኮል ዓመታት ፈጅቶ ነው የሚጎዳው፤ ኩላሊቱም እንዲሁ በስኳርና በደም ግፊት። ሦስተኛ፣ በቤተ ሙከራ ተመዝኖ የተሰጠው ጭማቂና በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ዱቄት አንድ ነገር አይደሉም።

ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገሩ የወደቁ ተስፋዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። ከሦስቱም አካላት አንድ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ጉበት፦ ሲሊማሪን በአውሮፓ ከሚታወቅ እሾሃማ ተክል ፍሬ የሚወጣ ነው። በአይጥ ጥናቶች ሌሎች ተክሎች የሚወዳደሩት ከእሱ ጋር ነው። በአሜሪካ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸው 154 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የጉበት ኢንዛይምን በመቀነስ ረገድ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን አልተሻለም።

ልብ፦ በ1986 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የውሻ ልብ የደም ሥርን ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሞ ማቋረጥ ልቡን ቀጥሎ ከሚመጣው ረጅም መዘጋት እንደሚጠብቀው አሳዩ። ከዚያ ሐሳቡ ክንድን በደም ግፊት መለኪያ አጥብቆ መልቀቅ ወደሚል ቀላል ዘዴ ተሸጋገረ። በ2019 እ.ኤ.አ. በአራት የአውሮፓ አገሮች ከ5,400 በላይ የልብ ድካም ድንገት የመታቸው ሕሙማን ላይ ታይቶ፣ ሞትንም ሆነ ዳግም ሆስፒታል መግባትን አልቀነሰም።

ኩላሊት፦ አሴቲልሲስቴይን ለልብ የደም ሥር ምርመራ በሚሰጥ ማቅለሚያ ምክንያት ከሚመጣ ጉዳት ኩላሊትን ያድናል ተብሎ ለዓመታት ሲታዘዝ ኖረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ 5,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ሲመዘን ምንም ጥቅም አልተገኘበትም። ይኸው መድኃኒት ግን ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ለወሰደ ሰው በሰዓቱ ከደረሰ ጉበቱን ያተርፋል። ልዩነቱን የለየው ሙከራ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም።

በዚሁ መንገድ ያለፈም አለ። ለስኳር ሕመም የተሠራው ዳፓግሊፍሎዚን በ2020 እ.ኤ.አ. 4,304 የኩላሊት ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ፣ የኩላሊት ክፉኛ መዳከምንና በኩላሊትና በልብ ሕመም መሞትን በጥቅሉ በ39 በመቶ ቀንሷል። «ኩላሊት ይጠብቃል» መባል እንዲህ ነው የሚገኘው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢያንስ አይጎዳም» የሚለው መከላከያም አያዋጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለመቅጠን ብለው የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን የወሰዱ በርካታ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ሆኗል። ጥፋተኛው አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ነበር። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ የሚገድል እንግዳ የጉበት በሽታ ታይቷል። መርማሪዎች የደረሱበት በአጄራተም አረም ውስጥ የሚገኝ መርዝ ላይ ነው። በሐረር ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። አሪስቶሎኪያም፣ አጄራተምም፣ ጫትም ተፈጥሯዊ ናቸው።

ይህን መናገር የአገርን ዕውቀት መናቅ ነው የሚሉ አሉ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ግን ሌላ ምሳሌ ትተው አልፈዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ ጉበትን የሚጎዳው ቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናት። እሳቸው እንዶድን በጠርሙስ ሞልተው «የተረጋገጠ» እያሉ አልሸጡም። ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት፤ ደኅንነቱን ለማስመርመርም ዓመታት ታገሉ። የእናቶችን ዕውቀት ያከበሩት በመፈተን ነው።

የሚጎዳው ሻጩ አይደለም። የደም ግፊት ክኒኑን አቁሞ ዱቄት የጀመረው ሰው ነው። ግፊት ሕመም ሳያሰማ ኩላሊትን ይበላል፤ ሰውየው ሲነቃ የሚጠብቀው የዲያሊስስ ወረፋና ወጪ ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናታቸውን ሲያስተዋውቁ «በአይጥ ላይ» የሚለውን ቃል ከርዕሱ አያውጡ። ጣቢያዎች የማስታወቂያ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት በሰው ላይ የተሠራውን ሙከራ ይጠይቁ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ያለ ሰው ሙከራ «ጉበት ያድናል» ብሎ በአደባባይ የሚሸጠውን ያስቁም። ተስፋ ያለው ተክል ካለም ገንዘቡ ለማስታወቂያ ሳይሆን በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ ይውጣ።

እስከዚያው ተፈትነው ያለፉት ጠባቂዎች የታወቁ ናቸው። ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፤ የሕፃን ጉሮሮ በባክቴሪያ ሲቆስል ልብን ከሩማቲክ በሽታ የሚያድን ፔኒሲሊን፤ በየጊዜው የሚለካ ግፊትና ስኳር፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ለወራት አለመዋጥ። እነዚህን በቲክቶክ የሚያስተዋውቅ የለም፤ ትርፋቸው ትንሽ ነውና።

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባላል። ለዱቄቱ ደግሞ ምስክሯ አይጥ ሆናለች። ለሰው ጉበት፣ ለሰው ልብና ለሰው ኩላሊት ግን መመስከር ያለበት በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ነው።